ሃምሳ ሎሚና አንድ ላፕቶፕ

ከሩቅ ሳየው ቋንጣ መስሎኝ ነበር። ጭሮ ከተማ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብላ የተቀመጠች አንዲት ጠባብ ሱቅ በሯ ላይ ጥቁር ጥቁር ነገር በሽቦ ተሰቅሎ ይወዛወዛል። ቀረብ ስንል የላፕቶፕ ቻርጀር ሆኖ አገኘሁት። ወፍራሙ፣ ቀጭኑ፣ አፈ ክቡ፣ አፈ ጠፍጣፋው፣ ገመዱ በፕላስተር የተጠቀለለው፣ ሁሉም በጾም ወቅት እንደተሰቀለ ቋንጣ ባለቤቱን ይጠብቃል።

ወደዚያች ሱቅ የወሰደችኝ ድሮ ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኳት ልጅ ናት። አሁን ስሙን በማልጠራው አንድ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። መቀመጫዋ ጭሮ ሆኖ ገለምሶን፣ በዴሳን፣ ሂርናንና ሚኤሶን እየዞረች ሪፖርት ታሰባስባለች። ያኔ ልቦለድ የምትተነትን ልጅ ዛሬ የምትተነትነው ኤክሴል ነው። መቼስ እንጀራ ነው፤ እኔም ብሆን ከማስተማሩ ወጥቼ ጋዜጣ ላይ መለቅለቅ ከጀመርኩ ሰነባብቻለሁና ማንንም የምወቅስበት አፍ የለኝም።

«ጋሼ፣ እስቲ አንድ ነገር ልንገርዎትና ፍርዱን ይስጡኝ» አለችኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት ለየቅርንጫፉ አዳዲስ ላፕቶፖች ተላኩ። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ባለ ትልቅ ስም፣ ሁሉም እንደ ሠርግ መጥሪያ ካርድ የሳሱ። ባትሪያቸው ከውስጥ የታሸገ፣ ሜሞሪያቸው ከዋናው ቦርድ ጋር የተበየደ፣ ኤሌክትሪክ የሚገባባቸውም ታይፕ ሲ በምትባለው ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ነው። ፈርማ ተረከበች። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢሆን «ሞዴል 22» ይሉት ነበር፤ የእነሱ «የንብረት መረከቢያ ቅጽ» ይባላል። ስሙ ይለያይ እንጂ ሁለቱም የሚሉት ያው ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ጉዳቱ ባንቺ ነው።

በተረከበች በሦስተኛው ወር መብራት ሄደ። መብራት መሄዱ ለጭሮ ሰው ወሬ አይደለም። ወሬው አመጣጡ ነው። ሲመለስ እንደ ክረምት ጎርፍ ደርሶ ቻርጀሩን አቃጠለው። ልጅቱ ያልረገጠችው ሱቅ የለም። የስልክ ታይፕ ሲ እንደ ጉድ ነው፤ አፉ ይገባል፣ ጉልበቱ ግን አይደርስም። ላፕቶፑ 65 ዋት ይፈልጋል፤ የስልኩ ከዚያ ሩቡን ቢሰጥ ነው። ለአዲስ አበባ አመለከተች። ማመልከቻው ከንብረት ክፍል ወደ አይቲ፣ ከአይቲ ወደ ግዥ፣ ከግዥ ወደ ፋይናንስ ሲዞር ሦስት ሳምንት ፈጀ። በዚህ መሀል የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ቀን አለፈ። የጎረቤት ኮምፒውተር ተውሳ እንዳትሠራ፣ ሪፖርት የሚሞላበት ሥርዓት ከድርጅቱ ማሽን በቀር ለሌላ አይከፈትም፤ ለደኅንነት ሲባል። ቻርጀሩ በመጨረሻ ሲመጣ ሁለት ወረቀት አስከትሎ መጣ። አንዱ ዋጋው ከደመወዟ እንደሚቆረጥ የሚገልጽ ነው። ሌላው ስለ ሪፖርቱ መዘግየት የተጻፈ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ።

«እና ማነው ያጠፋው ጋሼ? እውነቴን ነው፤ እኔ ነኝ ካሉኝ እቀበላለሁ።»

እኔ መልስ ሳልሰጥ ባለሱቁ ጣልቃ ገባ። ሃያዎቹን ያጋመሰ ወጣት ነው፤ በአንድ ዓይኑ ማጉያ መነጽር፣ በአንድ ጉንጩ ጫት ይዟል። «አቦ ጋሼ፣ ጥፋቱ የማሽኑ ነው። ዘመድ የለውማ!»

ዘመድ ማለት? ብዬ ጠየቅሁት። ከጠረጴዛው ሥር ካርቶን ጎትቶ አሳየኝ። የላፕቶፕ ሬሳ ነው። ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ቦርዱ የሞተ፣ ቡና የተደፋበት። «ይሄ ቲንክፓድ ቢሞት ኪቦርዱ ለሌላ ቲንክፓድ ይሆናል። ይሄ ላቲቲዩድ ቢሞት ማጠፊያው፣ ፋኑ፣ ባትሪው ለወንድሙ ነው። የእሷ ብቻዋን ነው የመጣችው። ብትሞት የሚቀብራት፣ ብትታመም ደም የሚሰጣት የለም።»

ብዙ የፍልስፍና መጽሐፍ አገላብጫለሁ፤ ስለ ዕቃ እንዲህ ጥርት ያለ ነገር የሰማሁት ግን ጥቂት ጊዜ ነው። ከጭሮ ቁልቁል ወደ ሚኤሶ ስንወርድ፣ ከዚያም አሰቦትንና አዋሽን አልፈን አዲስ አበባ እስክንገባ ይቺ የዘመድ ነገር አብራኝ ተሳፍራ መጣች።

ለምንድነው ግን ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው የተወሰኑ ላፕቶፖችን ብቻ መርጠው የሚያድሉት? ሰው ሁሉ የሚያውቀው መልስ «ጥራት» ነው። ሙሉ እውነት አይደለም። ትልልቆቹ አምራቾች ዕቃቸውን ሁለት ቤተሰብ አድርገው ይሠራሉ። ዴል ላቲቲዩድን ለመሥሪያ ቤት፣ ኢንስፓይሮንን ለቤት ሲያመርት ኖሯል። ኤች ፒም ኤሊትቡክንና ፕሮቡክን ለቢሮ፣ ፓቪሊዮንን ለሳሎን። ሌኖቮም እንዲሁ ቲንክፓድን ለሥራ፣ አይዲያፓድን ለተማሪና ለቤተሰብ። የቢሮው ቤተሰብ ብዙ ጊዜ መልኩ አያምርም፤ ጥቁር ወይም ግራጫ ነው፣ እንደ ዕድር ድንኳን። የሚሸጠው ግን መልኩ አይደለም። አንዱ ሞዴል ሳይለዋወጥ በገበያው ላይ ይቆያል፤ መለዋወጫው በቁጥር ተለይቶ ይታዘዛል፤ እንዴት እንደሚፈታ የሚያስረዳው መመሪያ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ዋስትናው ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊገዛ ይችላል፤ ሰነድ እንዳይሰረቅ የሚቆልፍ ቺፕ አለበት። መቶ ሠራተኛ ያለው ድርጅት መቶ ዓይነት ላፕቶፕ ቢኖረው አንዱ የአይቲ ባለሙያ ራሱን ስቶ ይወድቃል። አንድ ዓይነት ከሆኑ ግን አንዱን አዘጋጅቶ ዘጠና ዘጠኙን መገልበጥ ነው። ይህ ስንፍና አይደለም፤ እውነተኛ ምክንያት ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ሌሎች የማያውቁት አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነበረን። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ፓወር ግዕዝ ወደሌለበት ማሽን ሲሄድ ምን ይሆን እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። «ለክቡር ሥራ አስኪያጅ» የሚለው የነጥብና የቅንፍ፣ የዶላር ምልክትና የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ሆኖ ይደርሳል። ሥራ አስኪያጁ የተሰደበ ይመስለዋል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስ ከፋብሪካው የአማርኛ ፊደል ይዞ መውጣት የጀመረው ደግሞ በ2007 በወጣው ቪስታ ነው። ከዚያ በፊት፣ እውነቱን ለመናገር ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ሁለት መሥሪያ ቤቶች እንዲግባቡ ማሽኖቻቸው መመሳሰል ነበረባቸው። ጭሮ ላይ ግን ይህ ጣጣ በግማሽ ቀላል ነበር። የቢሮው ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ቁቤ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ማንኛውም የፈረንጅ ኪቦርድ ይበቃዋል። የእኔ ቢጤው አማርኛ ጸሐፊ ፊደል ፍለጋ ሲንከራተት የጭሮው ጸሐፊ ደብዳቤውን ጨርሶ ቡናውን ይጠጣል።

የጽሕፈት መኪናም ዘመን እንዲሁ ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ ያንን ሁሉ ፊደል ወደ ጥቂት ቁልፎች ለማጨቅ የደከሙትን ድካም ሳስብ ይገርመኛል። በኋላ በየቢሯችን ኦሊቬቲ የነገሠው ጣሊያን ስለወደድን አይደለም፤ የአማርኛ ቁልፍ ስለነበረው ነው። አንድ ዕቃ በአንድ አገር ሲነግሥ ብዙ ጊዜ ምስጢሩ ከራሱ ከዕቃው ውጪ ነው። ሐረር የሄደ ሰው ያቺን ፔዦ 404 አይቷታል። ፈረንሳይ ከረሳቻት ስንት ዘመኗ ነው! ሐረር ግን መካኒክ አላት፣ መለዋወጫ አላት፣ ፔዦን ፈትቶ መግጠም ከአባቱ የተማረ ልጅ አላት። ጫት ጭኖ በጭሮ መንገድ የሚከንፈው አይሱዙም ቢሆን («አልቃይዳ» ያሉት ወደው አይደለም) ሾፌሩ የሚተማመነው በፍሬኑ ብቻ አይደለም። ቢቆም የሚያስነሳው ሰው በየከተማው እንዳለ ያውቃል።

እንግዲህ ባለሱቁ ልክ ነው። ላፕቶፕ የሚገዛ ድርጅት ማሽን ብቻ ሳይሆን ዘመድ አዝማድም አብሮ እየገዛ ነው። በዚህ ዓይን ካየነው አንድን ዓይነት መምረጥ ነውር የለበትም፤ ዕድር እንደ መግባት ነው። ዘመዱም ቢሆን ዘላለማዊ እንዳልሆነ ግን ልብ ይሏል። አንድ ሰሞን በየቢሮው «ቶሺባ ነው» ሲባል «ጥሩ ነው» ማለት ነበር። ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ2020 የመጨረሻ ድርሻውን ሸጦ ከላፕቶፕ ሥራ ጠቅልሎ ወጣ። ስሙን አምነው የገዙት ሁሉ ወላጅ አልባ ሆኑ።

ታዲያ ያቺ ልጅ ዘመድ የሌለው ማሽን እንዴት ደረሳት? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከቴክኒክ ወጥቶ ወደ ምግባር የሚገባው።

አሜሪካ ውስጥ ዱሮ፣ አይቢኤም የኮምፒውተር ገበያውን በያዘበት ዘመን፣ በገዢዎች ዘንድ አንድ አባባል ነበር። አይቢኤም በመግዛቱ ከሥራ የተባረረ ሰው የለም ይሉ ነበር። የአባባሉን ብልጠት አስተውሉ። አይቢኤም ከሁሉም ይሻላል አይልም። ርካሽ ነውም አይልም። የሚለው፣ ቢበላሽ አንተን ማንም አይጠይቅህም ነው። ሌላ፣ ስሙ ያልታወቀ ግን የተሻለ ዕቃ ገዝተህ ቢበላሽ «ማን ግዛ አለህ?» ትባላለህ፤ ስመ ጥሩን ገዝተህ ቢበላሽ «አይ እንግዲህ፣ ማሽን ነው!» ይባልልሃል። አይቢኤም ራሱ ላፕቶፑንና የግል ኮምፒውተሩን እ.ኤ.አ. በ2005 ለቻይናው ሌኖቮ ሸጦ ሄደ። አባባሉ ግን አልሄደም። ባለቤት ቀይሮ በየጨረታ ኮሚቴያችን ተቀምጧል።

ሕጋችን ይህን ያውቀዋል። የፌዴራል መንግሥት የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001፣ ጨረታ ሲወጣ የንግድ ምልክት እየጠሩ «ይህን አምጡልኝ» ማለትን ከልክሎ ነበር፤ በሌላ መንገድ መግለጽ ካልተቻለና «ወይም ተመጣጣኝ» የሚል ካልተጨመረበት በቀር። እሱን የተካ አዋጅ፣ ቁጥር 1333፣ በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። መልካም ነው። ግን ብልህ የሆነ ዝርዝር ጸሐፊ ስም መጥራት አያስፈልገውም። ውፍረቱ ከዚህ ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ከ1.4 ኪሎ ያልበለጠ፣ ቀለሙ ብርማ ካለ፣ መልኩን ነግሮን ስሙን ደበቀን ማለት ነው። የግል ድርጅትና በጎ አድራጎቱ ደግሞ አዋጁ አይመለከታቸውም፤ የየራሳቸው መመሪያ አላቸው።

ስለዚህ የልጅቱን ላፕቶፕ ማን መረጠ ብላችሁ ብትጠይቁ ማንንም አታገኙም። የአይቲ ባለሙያው «እኔ ደረጃውን ብቻ ነው የጻፍኩት» ይላል፤ እውነቱን ነው። የግዥ ኮሚቴው «ደረጃውን ካሟሉት አንዱን ነው የመረጥነው» ይላል፤ አልዋሸም። ፋይናንሱ «በጀቱ ውስጥ ነበር» ይላል። ሥራ አስኪያጁ በኮሚቴ የቀረበለትን ፈረመ። ሁሉም ሥራቸውን በአግባቡ ሠርተዋል። አንዳቸውም ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጉቦም አልበሉም እንበል፣ ለዚህ ክርክር ሲባል። ብቻ ከመካከላቸው «ጭሮ ላይ መብራት በቀን ስንት ሰዓት ይኖራል?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አዲስ አበባ ጀነሬተር ባለው ፎቅ ላይ ሆኖ ሲታይ ያ ላፕቶፕ በእርግጥም ድንቅ ዕቃ ነው። የመረጡትም እነሱ ቢሆኑ ኖሮ በሚወዱት መልክ ነው።

አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ። ስለ መተባበር የተባለ ነው፤ እኔም ክፍል ውስጥ ሁሌ እንደዚያ ነበር የማስተምረው። አሁን ሳስበው ግን ተረቱ በሌላ ጎኑም ይሠራል። ጥፋትን ለሃምሳ ሰው ብታካፍለው ለእያንዳንዱ አንድ ሎሚ ነው፤ የሚከብድ ቀርቶ የሚሸት ጌጥ ነው። «ኮሚቴው ወሰነ» ብሎ መናገር እንዲያውም ያኮራል። ሎሚዎቹ ግን አልጠፉም። ከአዲስ አበባ ተነሥተው፣ አዋሽን ተሻግረው፣ ጭሮ ሲደርሱ ሃምሳውም ተሰብስበው አንዲት ልጅ ትከሻ ላይ ያርፋሉ። ከሰንሰለቱ ሁሉ ምንም ያልመረጠችው እሷ ብቻ ናት፤ በስሟ የፈረመችውም እሷ ብቻ ናት።

እኔን ያስጨነቀኝ ይሄ ነው። ምርጫው ወደ ላይ፣ ዕዳው ወደ ታች። ላፕቶፕ ስለሆነ ነገሩ ቀሎ ይታያል እንጂ መምህሩ ያላየውን መጽሐፍ እንዲያስተምር፣ ነርሷ ያልተጠየቀችበትን መሣሪያ እንድትይዝ፣ ገበሬው ያልመረጠውን ዘር እንዲዘራ ሲደረግም መንገዱ ያው ነው።

አርስቶትል «ፖለቲካ» በሚባለው መጽሐፉ ውስጥ ስለዚህ ነገር አንሥቶ ነበር። የቤትን ደግነትና ክፋት ከሠራው ይልቅ የሚኖርበት ይበልጥ ይፈርዳል፤ የመሪን ነገር ከአናጢው ይልቅ መርከቡን የሚነዳው ያውቃል፤ የድግሱንም ነገር ከወጥ ሠሪው ይልቅ ተጋባዡ ይናገር ይላል፣ በግርድፉ ስናስቀምጠው። እሱ ይህን ያነሣው ሕዝብ ስለ መንግሥቱ የመፍረድ መብት አለው ወይ ለሚለው ጥያቄ ነበር። እኛ ለቻርጀር ብናውለው አይቆጣም ብዬ ነው። ቁም ነገሩ፣ አንድ ዕቃ ጥሩ ነው መባል ያለበት በማን አፍ ነው የሚለው ነው።

ጭሮ ራሷ ስለዚህ ነገር የምትናገረው አላት። ከተማዋን ያቋቋሟት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ። የመጀመሪያውን ዘመናዊ ተውኔት የጻፉት፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰው ማለቴ ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን የተሰጣት ስም «አሰበ ተፈሪ» ነው። ተፈሪ አሰበ። ስሙ ራሱ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሰዋስው ለማስተማር ይመቻል። ባለቤቱ ተፈሪ ነው፣ ማሰቡም የእሱ ነው። የሚኖርባት ሰው በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም። ለብዙ ዘመን በማኅተሙ ላይ አንድ ስም፣ በነዋሪው አፍ ሌላ ስም ይዛ ኖረች፤ በመጨረሻ የአፉ ስም ማኅተሙን ረታው። እስካሁንም አሮጌ ሾፌሮች «አሰቦ» እያሉ የሚጠሯት አሉ። እኔ ተክለ ሐዋርያትን አከብራለሁ፤ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ታች ላለው ቢያስብ ጥፋት የለውም። ጥፋቱ «አስቤልሃለሁ» ካለ በኋላ አለመጠየቁ ነው።

ይህን ሐሳብ አንድ ድርጅት ለሚመራ ወዳጄ አጫወትኩት። ሳቀብኝ። «አንተ ደግሞ! ሁሉንም ልጠይቅ? ብጠይቅማ ግማሹ አፕል ይለኛል፣ ግማሹ ጌም የሚያጫውት ይለኛል፣ ዘበኛውም ታብሌት ይለኛል። ያን ጊዜ ዘመድ የምትለው ነገር ራሱ ይቀራል። እያንዳንዱ ባይተዋር ማሽን ይዞ ይቀመጣል።»

ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ ለቀናት አላስተኛኝም ብል ማጋነን ይሆናል እንጂ አስቤበታለሁ። እውነት ነው፣ ለእያንዳንዱ የልቡን መስጠት ፍትሕ አይደለም፤ አይቻልምም። ግን እኔ ሰውን «የትኛውን ብራንድ ትወዳለህ?» ብላችሁ ጠይቁ አላልኩም። ተጋባዡ ወጥ ቤት ገብቶ ያማስል የሚል ሰው የለም። ቀንህ ምን ይመስላል ብላችሁ ጠይቁት ነው። መብራት ስንት ሰዓት ታገኛለህ? ማሽኑን ተሸክመህ የት የት ትሄዳለህ? ቢበላሽ ከተማህ ውስጥ ማን ይጠግነዋል? ይህን የሚጠይቅ ኮሚቴ ምናልባት አሁንም ለሁሉም አንድ ዓይነት ይገዛ ይሆናል፤ ግን ያ አንዱ የሚመረጠው በአዲስ አበባው ፎቅ ሳይሆን በገለምሶው ቢሮ ልክ ነው። ለገለምሶ የበቃ ላፕቶፕ ለአዲስ አበባ አያንስም። የአዲስ አበባው ግን ለገለምሶ ሊያንስ ይችላል፣ እንዳየነው።

ልጅቱም ብትሆን፣ ፍትሐዊ እንሁን፣ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አልጠላችውም። «ክብደቱን ግን እወደዋለሁ ጋሼ» ብላኛለች። በሚኒባስ ተጣብቃ ከበዴሳ ገለምሶ ስትሄድ ጭኗ ላይ አይከብዳትም። የድሮው ሦስት ኪሎ ነበር፤ ትከሻዋን አጉብጧት ነበር። የአዲስ አበባዎቹ ሳያውቁት አንድ መልካም ነገር አድርገውላታል። ቢጠይቋት ኖሮ ደግሞ አውቀው ያደርጉት ነበር፤ ሁለተኛ ቻርጀርም አብረው ይልኩላት ነበር። የአንድ ተጨማሪ ቻርጀር ዋጋ ከሦስት ሳምንት ሥራ መስተጓጎል ጋር ሲነጻጸር ምን አላት?

ለወዳጄ አንድ ነገር ጨመርኩለት። እሺ፣ ሳትጠይቅ ምረጥ። ሥራ አስኪያጅ ነህ፣ መብትህ ነው። የመረጥከው ሲበላሽ ግን የቻርጀሩን ዋጋ ከማን ደመወዝ ትቆርጣለህ? ዝም አለ። ቡናውን አማሰለ፤ ስኳር አልነበረውም።

ሱቁ ውስጥ ያየሁት ሌላ ነገር ነበር፤ ልመለስበት። የምርጫ ነገር ከአዲስ አበባም አልፎ እንደሚሄድ የገባኝ እዚያ ነው። ባለሱቁ የሚሸጣቸው ያገለገሉ ላፕቶፖች መደርደሪያው ላይ ተደርድረዋል። ሁሉም ማለት ይቻላል የቢሮ ቤተሰብ ናቸው፤ ላቲቲዩድ፣ ኤሊትቡክ፣ ቲንክፓድ። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ድርጅቶች ሦስት አራት ዓመት ተጠቅመው የጣሏቸው፣ በዱባይ በኩል ይሁን በሌላ ዞረው የመጡ። አንዱን ገልብጬ ሳየው የቀድሞ ባለቤቱ የንብረት ቁጥር ተለጥፎበታል፤ ጽሑፉ ጀርመንኛ ነው። ኪቦርዱም የጀርመን ነው። በጀርመን ኪቦርድ ላይ «ዋይ» በሚኖርበት ቦታ የተቀመጠው «ዜድ» ነው። አንድ ተማሪ ይህን ገዝቶ በቁቤ «ዬሮ» ብሎ ሊጽፍ ፈለገ እንበል። ጊዜ ማለት ነው በኦሮምኛ። ጣቱ የለመደውን ሲመታ የሚወጣለት «ዜሮ» ነው። ጊዜ ዜሮ ሆነ። ባለሱቁ ይህን ሲነግረኝ ሁለታችንም ሳቅን፤ እሱ ግን ብዙ ጊዜ ስቆበታል መሰለኝ ቶሎ ተወው።

አስቡት እንግዲህ። ከዓመታት በፊት ጀርመን አገር ያለ አንድ የግዥ ክፍል ለሠራተኞቹ የመረጠው ማሽን ዛሬ የሂርናን ተማሪ ፊደል ይመርጥለታል። ጀርመናዊው ሂርና የምትባል ከተማ መኖሯን አያውቅም። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10ን መደገፉን ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ አዲስ የደኅንነት ቺፕ የሌለውን አሮጌ ማሽን አልቀበልም ይላል። ስለዚህ እዚያ ማዶ ገና የሚሠራ ላፕቶፕ በገፍ መጣሉ፣ ከዚያም ወደ እኛ መደርደሪያ መውረዱ አይቀርም። ተማሪው በርካሽ ያገኛል፤ መልካም። የደኅንነት ማሻሻያ ያቆመ ማሽን መሆኑንስ ማን ይነግረዋል? እዚህ ላይ እኔም ሁለት ሐሳብ ነኝ። ርካሽ ነገር ያገኘን ድሃ «አትግዛ» ብሎ መምከር የጠገበ ሰው ምክር ነው።

ወደ ልጅቱ ጉዳይ ስመለስ፣ ያን ዕለት ሱቁ የሄድነው ሁለተኛውም ቻርጀር እያንገራገረ ስለነበር ነው። ካላዘነበሉት አይሠራም። ለአዲስ አበባ ልታመለክት አልፈለገችም። ያለፈውን ሦስት ሳምንት ታስታውሳለች፤ ደብዳቤውም ፋይሏ ውስጥ አለ።

ባለሱቁ ቋንጣዎቹን አገላብጦ አንዱን አወረደ። አፉ ታይፕ ሲ ነው፣ ጀርባው ላይ 65 ዋት ይላል። «አምና እንዲህ ያለ አልነበረኝም፤ ዘንድሮ ታይፕ ሲ ያላቸው ያገለገሉ ቲንክፓዶች መግባት ጀመሩ። የዚህኛው ቦርዱ ሞቶ ቻርጀሩ ተረፈ።» ሰካው። ላፕቶፑ ላይ ትንሿ መብራት በራች።

«ዘመድ አገኘሽ!» አላት እየሳቀ።

እሷም ሳቀች፤ ቦርሳዋን ከፍታ ገንዘቡን እየቆጠረች «ደረሰኝ ስጠኝ እንግዲህ፣ ድርጅቱ ይመልስልኛል» አለችው።

«የምን ደረሰኝ?» አላት።

«የተጨማሪ እሴት ታክስ ቁጥር ያለበት። ከማሽን የወጣ። ያለዚያ ፋይናንስ አይቀበልም።»

ልጁ በሩ ላይ የተሰቀሉትን ቻርጀሮች፣ ከዚያ ካርቶኑን፣ ከዚያ እኔን አየኝ። «አቦ፣ ጋሼ፣ እስቲ ንገሯት። ለሬሳ ዕቃ ደረሰኝ ማን ይቆርጣል?»

ልጅቱ ገንዘቡን ሰጥታው ቻርጀሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የድርጅቱን ቻርጀርም አብራ ከተተችው፤ ስትለቅ የምታስረክበው እሱን ነው። ሰዓቷን አይታ «ጋሼ፣ እንፍጠን፤ መብራት እስከ ስምንት ሰዓት ነው ያለው» አለችኝና ወደ ቢሮዋ ተጣደፍን።